ያየሽው ቀዳዳ የበረዶው እንጂ የጄሉ አይደለም

ጥያቄ፦ «የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ፋይብሮብላስት የሚባሉትን የቆዳ ሴሎች በሁለት ዓይነት ሃይድሮጄል ውስጥ አሳድጋለሁ። አንዱ በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም የያዘ የኮላጅን ጄል ነው፤ ሌላው 10 በመቶ ጄልማ፣ ማለትም በብርሃን የሚረጋ የጄላቲን ጄል። ሁለቱንም በአንድ ፍሪዘር አቀዝቅዤ፣ በቫኪዩም አድርቄ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየኋቸው። ሁለቱም 80 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ ቀዳዳዎች አሏቸው። ነገር ግን ኮላጅኑ ውስጥ ያሉት ሴሎች በአንድ ቀን ይዘረጋሉ፤ ጄልማው ውስጥ ያሉት በአራተኛው ቀንም ድቡልቡል እንዳሉ ናቸው። ቀዳዳው እኩል ሆኖ ሳለ ለምን? አማካሪዬ ደግሞ ሴሎቹን ሳትገድዪ መዋቅሩን አሳዪኝ ይሉኛል። ሰከንድ ሃርሞኒክ የሚባለው ዘዴ ሁሉንም ያሳያል ሲባል ሰምቻለሁ። በኤክስሬይ የሚያየው ማይክሮ ሲቲም በእጃችን አለ። በየትኛው ልጀምር?»

መልስ፦

የሁለቱ ጄሎች ቀዳዳ እኩል አይደለም። እኩል ቁጥር የወጣልሽ ሁለቱንም በአንድ ፍሪዘር ስላቀዘቀዝሻቸው ነው። 80 ማይክሮሜትር ብለሽ የለካሽው ጄሉ ሲቀዘቅዝ ያደገውን የበረዶ ቅንጣት ነው። ሴሎችሽ ያንን ቀዳዳ አግኝተውት አያውቁም። መሣሪያ ከመምረጥሽ በፊት ይህ መጥራት አለበት። ካልጠራ ቀጣዩ መሣሪያም ሌላ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጥሻል።

ሃይድሮጄል ውሃ የያዘ መረብ ነው። የኮላጅን ጄልሽ ከ99 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ጄልማሽም 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ይህ ውሃ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ በረዶ እየሆነ ይለያል። በረዶ ፖሊመርን፣ ማለትም መረቡን የሠሩትን ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ ወደ ውስጡ አያስገባም። ቅንጣቱ እያደገ ሲሄድ የፖሊመሩን ክር ወደ ዳር ይገፋዋል። በሁለት ቅንጣቶች መካከል ተጨምቆ የቀረው ክር ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ ቫኪዩሙ በረዶውን ያተንነዋል፤ በረዶው የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። እንደ ማር እንጀራ ያማረ ፎቶ ይወጣል። የእንጀራን ዓይን ቆጥሮ «ሊጡም እንዲህ ቀዳዳ ነበረው» የሚል ሰው የለም። ዓይኑ የወጣው ምጣድ ላይ ነው። ያንቺም ጄል ዓይን ያወጣው ፍሪዘር ውስጥ ነው።

ይህን በቃል ብቻ አትቀበይኝ፤ ሞክሪው። አንድ የጄልማ ናሙና ለሁለት ክፈይ። ግማሹ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ግማሹን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ክተቺው። ሁለቱንም በአንድ ላይ አድርቀሽ እያቸው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ትልልቅ ቀዳዳ፣ ቶሎ የቀዘቀዘው ትናንሽ ቀዳዳ ያሳይሻል። ጄሉ አንድ ነው፤ የተለያየው አቀዛቀዙ ብቻ ነው። ይህን ፎቶ ለአማካሪሽ ብታሳያቸው ብዙ ክርክር ይቀንስልሻል።

እንዲያውም ከዚያ በፊት በዓይንሽ ብቻ የምታዪው ማስረጃ አለ። የጄልማውን ሳህን ጋዜጣ ላይ አስቀምጪውና ፊደሉን አንብቢ። ጥርት ብሎ ይነበባል። 80 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ክፍሎችና በመካከላቸው የቆሙ ግድግዳዎች ቢኖሩት ኖሮ ብርሃኑ ግድግዳዎቹ ላይ እየተበተነ ጄሉ ይደፈርስ ነበር። የደረቀው ናሙና እንደ ጥጥ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ጥርት ያለ ጄል ማለት መዋቅሩ ከብርሃን ሞገድ በጣም ያነሰ ጄል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የቼክ ኬሚስቶች ኦቶ ዊክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ሃይድሮጄልን ለሕክምና ሲያቀርቡ ለስላሳውን የዓይን ሌንስ የሚቻል ያደረገው ይኸው ጥራት ነው። አሁን የኮላጅኑን ሳህን እይው። ትንሽ ወተት የነካው ውሃ ይመስላል። እሱ ውስጥ ብርሃን የሚበትን ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዢው፤ በኋላ የመሣሪያ ምርጫሽን የሚወስነው እሱ ነው።

የደረቀው ፎቶ ፈጽሞ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አንዳንድ ሰው ጄሉን መጀመሪያ አድርቆ፣ ስፖንጅ ካደረገው በኋላ ሴሎቹን በላዩ ይዘራል። እዚያ ላይ የበረዶው ቀዳዳ እውነተኛ ቀዳዳ ነው፤ ሴሉ ገብቶ ይኖርበታል። አንቺ ግን ሴሎቹን ከፈሳሹ ጋር ቀላቅለሽ ነው ጄሉን ያረጋሽው። ስለዚህ ፎቶሽ የአንቺን ሴሎች ቤት አያሳይም። ቶሎ በማቀዝቀዝ የሚሠራው ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ሙሉ መድኅን አይደለም። ናሙናን በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በማጥለቅ ብቻ ከበረዶ ቅንጣት ነፃ የሚሆነው የላይኛው 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው መሣሪያ ይህን ወደ 200 ማይክሮሜትር ያደርሰዋል። በሁለቱም መንገድ ሴሉ ይሞታል።

አሁን ወደ እውነተኛው መጠን። የጄልማ መረብ የተሠራው በብርሃን ከተያያዙ የጄላቲን ሰንሰለቶች ነው። የዚህ መረብ ዓይን የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሳታዪው መገመት ትችያለሽ። ሪዮሜትር ላይ የጄሉን ግትርነት ለኪ። የቦልትዝማንን ቋሚ ቁጥር በኬልቪን ሙቀት አባዢ፣ በግትርነቱ አካፍዪ፣ የውጤቱን ሦስተኛ ሥር ውሰጂ። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ግትርነቱ 1 ኪሎፓስካል ከሆነ 16 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል። 10 ኪሎፓስካል ከሆነ 7 ወይም 8 ናኖሜትር ይሆናል። 100 ፓስካል ብቻ የሆነ በጣም ልል ጄል እንኳ 35 ናኖሜትር ነው። ግምት ነው፤ መረቡ ወጥ ነው ብሎ ያስባል፤ እውነተኛ ጄል ደግሞ ወጥ አይደለም። ቢሆንም ከ80 ማይክሮሜትር ጋር አስተያዪው። 16 ናኖሜትርና 80 ማይክሮሜትር በ5,000 እጥፍ ይለያያሉ። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ይህን ያህል አይሳሳትም።

የሴሎችሽ ነገር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ድቡልቡል ፋይብሮብላስት 15 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከጄልማው መረብ ዓይን ወደ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ኦክስጅንና ግሉኮስ እንደ ልባቸው ያልፋሉ። 7 ናኖሜትር ገደማ የሆነው የደም ፕሮቲን፣ አልቡሚን፣ እየታሸ ያልፋል። ሴሉ ግን ማለፍ አይችልም። እጁን ለመዘርጋት በኢንዛይም እየቆረጠ መንገድ መክፈት አለበት። ጄልማ ይቆረጣል፤ ግን ክሩ በበዛና በተያያዘ ቁጥር ሥራው ይዘገያል። አራት ቀን ድቡልቡል ሆነው የቆዩት ሞተው ወይም ታመው ላይሆን ይችላል። የታጠረ ቤት ውስጥ ናቸው።

ኮላጅኑ የተለየ ነገር ነው። እዚያ ሰንሰለቶቹ ተጠማዝዘው፣ ተደራርበው፣ ወፍራም ክር ሠርተዋል። ክሮቹ በአስርና በመቶ ናኖሜትር ውፍረት አላቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን ማይክሮሜትሮች ነው። በዚያ ላይ ክሮቹ በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር አልተያያዙም። ሴሉ ገፋ አድርጎ፣ ጎትቶ፣ ተሽሎክሉኮ ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ይዘረጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ የሰጠሁሽ ስሌት ለኮላጅን አይሠራም። እሱ ለሚለጠጥ፣ ልል ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ የኮላጅን ክር ግትር ነው። ለሁለቱም አንድ ቀመር ተጠቅሞ ማወዳደር በአንድ ፍሪዘር ከማቀዝቀዝ የማይሻል ስህተት ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽ «የትኛው መሣሪያ?» ሳይሆን «የትኛው ጄል በየትኛው መጠን?» መሆን አለበት። ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተጠጋጉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። በቁመት አቅጣጫ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ግማሽ ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የኮላጅኑ ክፍተት ከዚህ ወሰን በላይ ነው፤ ይታያል። የጄልማው ዓይን ከወሰኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል፤ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት ከወሰን በታች የሚያዩ ዘዴዎችም እዚህ አያዋጡሽም። እነሱ ብዙ ብርሃንና ብዙ ቀለም ይፈልጋሉ። የጄልማው ክር ራሱ ደግሞ ከእነሱም አቅም በታች ነው።

ለኮላጅኑ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ማለትም በሌዘር አንድ ቀጭን ንጣፍ ብቻ ለይቶ በሚያየው መሣሪያ፣ የነጸብራቅ ምስል አንሺ። ምንም ቀለም አትጨምሪም። ሌዘሩ ክሩ ላይ ያርፋል፣ የተንጸባረቀው ብርሃን በዚያው ቀለም ይመለሳል፣ መሣሪያው ይቀበለዋል። አብዛኛው ኮንፎካል ላይ የሚያስፈልገው የማጣሪያውን አቀማመጥ መቀየር ብቻ ነው። የ488 ናኖሜትር ሌዘር በቂ ነው፤ ለሴሎቹ መሳሳት ከፈለግሽ ቀዩን፣ 633ን ውሰጂ። ክሮቹ ጥቁር ሰማይ ላይ እንደተበተነ የብር ክር ሆነው ይወጣሉ። በመጀመሪያ ጊዜ ስታዪው ደስ ይልሻል። ሕያው ሴል በመካከላቸው ሆኖ ክሩን ወደ ራሱ ሲጎትት በዚያው ሰዓት ማየት ትችያለሽ። አማካሪሽ የጠየቁሽ ይህንን ነው።

ሌንሱ ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ብዙ ሰው 63 እጥፍ የሚያጎላውን የዘይት ሌንስ ያነሳል፤ ትልቁ ጥሩ ይመስለዋል። ጄልሽ ውሃ ነው። የውሃ የብርሃን ማጠፊያ መጠን 1.33 ነው፤ የዘይቱ 1.515። ይህ ልዩነት ወደ ጥልቀት በገባሽ ቁጥር ምስሉን ያደበዝዛል። በዚያ ላይ የዘይት ሌንስ የሚደርስበት ጥልቀት ከ0.2 ሚሊሜትር አይበልጥም። እኔ ተማሪ ሳለሁ የአንድ ሙሉ ሳምንት ምስል በዘይት ሌንስ አንስቼ ነበር። ከ40 ማይክሮሜትር በላይ ያለው ሁሉ የማይረባ ሆነ። ሴሎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ነበሩ። ለውሃ የተሠራ ሌንስ ውሰጂ። ከሥር የምታዪ ከሆነ የሳህኑ ወለል 0.17 ሚሊሜትር መስታወት ይሁን። ተራው የፕላስቲክ ሳህን 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ጥሩውን ሌንስ ያበላሽብሻል። አማራጭ አጥተሽ ደረቅ ሌንስ ከተጠቀምሽ፣ መሣሪያው 100 ማይክሮሜትር ወጣሁ ሲል አንቺ ቢያንስ 133 ማይክሮሜትር ጄሉ ውስጥ ገብተሻል። ይህን ያላረመ ሰው ክፍተቱን በቁመት አቅጣጫ አሳንሶ ይለካል።

የመስታወቱ ገጽ ራሱ በኃይል ያንጸባርቃል። መስታወት አጠገብ ያለው ጄልም ከመካከሉ የተለየ ነው፤ ክሮቹ እዚያ ተኝተው ይረጋሉ። ስለዚህ ከመስታወቱ ቢያንስ 30 ማይክሮሜትር ራቂ። በምስሉ መሀል ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ደማቅ ነጥብ ካየሽ ከሌንሱ ውስጥ የመጣ ነጸብራቅ ነው፤ ክር ብለሽ አትቁጠሪው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው። ከምስሉ ወለል በላይ ከ50 ዲግሪ ገደማ የበለጠ ቀጥ ብሎ የቆመ ክር አይታይም። ብርሃኑን ወደ ጎን ይጥለዋል፤ ወደ ሌንሱ አይመለስም። ስለዚህ በነጸብራቅ ምስል ብቻ «ክሮቹ ሁሉ ተኝተዋል» የሚል መደምደሚያ መጻፍ አይቻልም። የቆሙት ቢኖሩም መሣሪያው አያያቸውም። የክር አቅጣጫ ዋና ጥያቄሽ ከሆነ ከኮላጅኑ ጥቂቱን በአብሪ ቀለም አስይዘሽ አንድ ናሙና ለማመሳከሪያ ሥሪ። ጥቂቱን ብቻ። ቀለሙ ሲበዛ የክሩን አረጋግ ይለውጣል፤ ያኔ የምታዪው ሌላ ጄል ነው።

የክሩን ውፍረት ደግሞ ከዚህ ምስል አትለኪ። ብዙዎቹ ክሮች ከብርሃኑ ወሰን ያንሳሉ ወይም እኩል ናቸው። በምስሉ ላይ ሁሉም ከእውነታው ወፍረው ይታያሉ። የምትለኪው ክፍተቱን ነው። በክሮቹ መካከል ሊገባ የሚችለውን ትልቁን ክብ እየፈለገ የሚለካው መንገድ ከሁሉ ይሻላል። ምስሉን ጥቁርና ነጭ ስታደርጊ የምትቆርጪበት የድምቀት መጠን ውጤቱን በጣም ይለውጠዋል። ለሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት አቆራረጥ ተጠቀሚ፤ በጽሑፍሽም ግለጪው። ቢያንስ ሦስት በተለያየ ቀን የተሠሩ ጄሎች፣ ከእያንዳንዱ ብዙ ቦታ። አንድ ቆንጆ ምስል መረጃ አይባልም።

ስለ ሰከንድ ሃርሞኒክ የሰማሽው ግማሽ እውነት ነው። ይህ ዘዴ በጣም አጭር ምት ያለው ኢንፍራሬድ ሌዘር ይጠቀማል። በሥርዓት የተደረደረ የኮላጅን ክር ብርሃኑን ተቀብሎ የሞገዱን ርዝመት ለሁለት ከፍሎ ይመልሰዋል፤ 840 ናኖሜትር ገብቶ 420 ይወጣል። ቀለም አይፈልግም፣ ከኮንፎካልም በላይ ጠልቆ ይገባል። ለቆዳና ለጅማት ድንቅ ነው። ግን የሚያየው ሥርዓት ያለውን ክር ብቻ ነው። ጄላቲን ደግሞ የተቀቀለ ኮላጅን ነው። ቆዳና አጥንት ሲቀቀል የሦስቱ ሰንሰለቶች ጉንጉን ይፈታል። ሲቀዘቅዝ በከፊል ቢጎነጎንም ወደ ቀድሞው ክር አይመለስም። ስለዚህ ጄልማሽ በሰከንድ ሃርሞኒክ ጨለማ ነው። ጨለማ ስላየሽ «መዋቅር የለውም» ብለሽ እንዳትጽፊ። በኮላጅኑም ቢሆን 2 ሚሊግራም ቀጭን ጄል ነው፤ ምልክቱ ደካማ ስለሚሆን ሌዘሩን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ያ ደግሞ ሴሎቹ ላይ ነው የሚያርፈው። ጄልሽ ወፍራም ካልሆነ የነጸብራቁ ምስል ይበቃሻል።

ማይክሮ ሲቲውን ለዚህ ሥራ ተዪው። ኤክስሬይ የሚለየው እፍጋትን ነው፤ ጄልሽ ለኤክስሬይ ውሃ ነው። እንዲታይ አዮዲን ወይም ከባድ ብረት ያስፈልገዋል፤ ያኔ ሴሉ የለም። የጨረሩም መጠን ራሱ ለሴል ከባድ ነው። ኤም.አር.አይ. አይጎዳም፤ ግን በጣም ጠንካራ ማግኔት እንኳ የሚያሳየው አስርት ማይክሮሜትሮችን ነው። ጄሉን እንስሳ ውስጥ የተከለ ሰው ያስፈልገዋል፣ አንቺ አያስፈልግሽም። ብሪሉዋን የሚባለው ማይክሮስኮፕ ግትርነትን ሳይነካ ይለካል ተብሎ ሲወራ ትሰሚያለሽ። እንዲህ ውሃ በበዛበት ነገር ውስጥ በዋናነት የሚለካው የውሃውን መጠን ነው። በሪዮሜትር ቦታ አትተኪው።

ኦ.ሲ.ቲ. ግን ቦታ አለው። የዓይን ሐኪሞች ሬቲናን የሚያዩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤም.አይ.ቲ. የወጣው ዘዴ ነው። የሚለየው ጥቂት ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ክር አያሳይሽም። ግን የሚሊሜትር ጥልቀት በሰከንዶች ይወስዳል፣ ቀለም አይፈልግም፣ ሴሎቹን አያስቸግርም። ፋይብሮብላስት የኮላጅን ጄልን ይሰበስባል። ሴሎችሽ ጄሉን በስንት ቀን ስንት እንዳሳጠሩት፣ ሴሎቹ ከላይ ነው ከታች የተከማቹት የሚለውን በአንድ ጊዜ ታያለሽ። ጄልማው እዚህም ጥቁር ነው፤ ሴሎቹ ብቻ እንደ ኮከብ ይታያሉ። ምክንያቱን ጋዜጣው ላይ አይተሽዋል።

እንግዲህ ጄልማው። የማይታይን መረብ የምታውቂው ምን እንደሚያሳልፍ በመጠየቅ ነው። ወንፊትን ዓይኑን ሳታዪ በምን ታውቂዋለሽ? ዱቄት፣ ክክ፣ ሽምብራ ጨምረሽ ማን እንዳለፈ ታያለሽ። ፍራፕ የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። አብሪ ቀለም የተያያዘበት ዴክስትራን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ይሸጣል፣ በተለያየ መጠን፤ መጠኑ የሚነገረው በሞለኪውሉ ክብደት፣ በኪሎዳልተን ነው። የ10 ኪሎዳልተኑ ስፋት 4 ወይም 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። የ70ው 12 ገደማ። የ2,000ው ከ50 ያልፋል። ጄሉን በእያንዳንዱ ውስጥ አሳድሪው። በኮንፎካሉ ሌዘር የአንድ ክብ ቦታ ቀለም እንዳያበራ አጥፊው። በዙሪያው ያሉት አብሪ ሞለኪውሎች ጥቁሩን ክብ እስኪሞሉት ያለውን ጊዜ ለኪ። ያንኑ ጄል በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ለኪና አወዳድሪ። ትንሹ በቀላሉ ተመልሶ፣ መካከለኛው ዘግይቶ፣ ትልቁ ጨርሶ ካልገባ የመረቡን ዓይን በሁለት ቁጥሮች መካከል አጠርሽው ማለት ነው። ከሪዮሜትሩ ስሌት ጋር ከተቀራረበ እመኚው። ፎቶ አይደለም፤ ለጄልማ ግን ከየትኛውም ፎቶ የበለጠ እውነት ይዟል።

ጄልማ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ጄሉን ያረጋሽው ኤል.ኤ.ፒ. የሚባለውን ብርሃን ሲነካው ሰንሰለቶቹን የሚያያይዝ ኬሚካል በ405 ናኖሜትር ብርሃን አነሳስተሽ ከሆነ፣ ያልተጠቀመበት ኤል.ኤ.ፒ. ጄሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ኮንፎካል ላይ ኒውክለስ ለማየት የምታበሪው ሰማያዊ ሌዘር ደግሞ ያው 405 ነው። እያየሽ ጄሉን ታጠነክሪዋለሽ። ከማየትሽ በፊት ጄሉን ደጋግመሽ እጠቢ፤ ለኒውክለስም በቀይ የሚታይ ቀለም ምረጪ።

«ሳይጎዳ ማየት» የመሣሪያ ጠባይ ሳይሆን የመጠን ጉዳይ መሆኑንም ልብ በይ። ነጸብራቅም ቢሆን ሌዘሩን ከፍ አድርገሽ በየደቂቃው ካነሳሽ ሴሉ ይጎዳል። ላይሞት ይችላል፤ ግን መንቀሳቀስ ያቆማል፤ አንቺ ደግሞ የምታጠኚው መንቀሳቀሱን ነው። ሁልጊዜ ብርሃን ያልነካው አንድ ሳህን አብሮ ይቀመጥ። በመጨረሻ ቀን የሁለቱ ሳህኖች ሴሎች አንድ ካልመሰሉ ያነሳሽው ምስል የተጎዳ ሴል ምስል ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ 37 ዲግሪ ይጠበቅ። ሳህኑን ካስቀመጥሽ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሺ፤ ጄሉ ሙቀቱን እስኪይዝ ቦታውን ይለቃል።

ኮላጅኑ የረጋበትን ሙቀትም በየጊዜው መዝግቢ። በ37 ዲግሪ ቶሎ ሲረጋ ቀጫጭን ክርና ጠባብ ክፍተት ይሠራል። በ22 ዲግሪ ቀስ ብሎ ሲረጋ ወፍራም ክርና ሰፊ ክፍተት ይሆናል። ፒኤች ሲቀየርም ይለወጣል። ከኢንኩቤተር ውጭ አምስት ደቂቃ የቆየ ሳህንና ወዲያው የገባ ሳህን አንድ ጄል አይደሉም። ብዙ ሰው ከሴሎቹ የመጣ ልዩነት የሚመስለው ከዚህ የመጣ ነው።

ኮንፎካል የሌላቸው ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎችም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ተራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና ካሜራ ካለ 200 ናኖሜትር የሆኑ አብሪ እንክብሎችን ጄሉ ሲረጋ ቀላቅሉ። ኮላጅን ውስጥ በክፍተቱ ሲወዛወዙ ታያላችሁ። ጄልማ ውስጥ ግን እንደተሰፉ ይቆማሉ። ያ ብቻውን የደረቀው ፎቶ የደበቀውን ልዩነት ያወጣል።

የምመክርሽ እንዲህ ነው። የደረቀውን ፎቶ ከጽሑፍሽ የመዋቅር ክፍል አውጪው። ለኮላጅኑ በውሃ ሌንስ የነጸብራቅ ምስል፣ ከ30 እስከ 100 ማይክሮሜትር ጥልቀት፣ ሴል ከሌለበት ጄል ጀምረሽ በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ ምልክት ባደረግሽበት በዚያው ቦታ። ለጄልማው ሪዮሜትርና ፍራፕ በሦስት የዴክስትራን መጠን፤ ምስል አትፈልጊለት። ሰከንድ ሃርሞኒክና ሲቲ ላይ ቀጠሮ ይዘሽ ከሆነ ሰርዢው።

ከዚያ 5 በመቶ ጄልማ ሥሪ። ግትርነቱ ይወርዳል፣ የመረቡ ዓይን ይሰፋል፣ ክሩም ለመቁረጥ ይቀላል። ሦስቱ አብረው ስለሚለወጡ «ዓይኑ ስለሰፋ ብቻ ነው» ብለሽ መጻፍ አትችይም፤ በዚህ ላይ ጠንቃቃ ሁኚ። ግን ሴሎቹ 5 በመቶው ውስጥ ተዘርግተው 10 በመቶው ውስጥ ድቡልቡል ከቀሩ፣ ያሰራቸው ጄሉ ራሱ መሆኑን ሴሎቹን ሳትገድዪ አሳየሽ ማለት ነው። ይህን ሙከራ ሰኞ መጀመር ትችያለሽ፤ ለአራት ቀኑ ውጤት ማይክሮስኮፕ ቀጠሮም አያስፈልግሽም።